ሶሲዮሎጂ ተምሮ የት ይገባል?

ያዋጣል

ሐኪም ሆስፒታል፣ የሒሳብ ባለሙያ ባንክ ይገባል። የሶሲዮሎጂ ተመራቂ ሥራ ግን በሌላ ስም ነው የሚወጣው፤ «የክትትልና ግምገማ ኦፊሰር»፣ «የማኅበራዊ ሴፍጋርድ ባለሙያ»፣ «የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ» ይባላል። የትምህርት ክፍሉን ስም በማስታወቂያ ፈልጎ ያጣ ሁሉ ትምህርቱ ከንቱ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ችኮላ ነው።

የልማት ተነሺዎች ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚፈቅደው ለንብረት ብቻ ሳይሆን ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ነው። ታዲያ አንድ ቤተሰብ ከዕድሩ፣ ከዕቁቡ፣ ቡና ከሚጠራራው ጎረቤት ሲነጠል ያጣውን ማን ያጥናው? መሐንዲሱ ግድግዳውን ይለካል። ቤት ለቤት ዞሮ፣ ዕድርተኛውን ጠይቆ፣ ጉሊት ትቸረችር የነበረች እናት በአዲሱ ሰፈር ደንበኛ ማግኘት አለማግኘቷን የሚያጣራው በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሰው ነው። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ ያዋለው ማዕቀፍ፣ ገንዘብ የሚሰጣቸው ፕሮጀክቶች የሚያስከትሉት ማኅበራዊ ጉዳት አስቀድሞ እንዲጠና ያስገድዳል፤ «ሴፍጋርድ» የሚባለው ሥራ ይኸው ነው። ሥራው አለ።

በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር፣ በሴፍቲኔትም፣ ተረጂውን በመለየት ነዋሪው ራሱ ይሳተፋል። ዘመድ የሌላት መበለት ከዝርዝሩ ብትዘለል ምክንያቱ ከቁጥር ሰንጠረዥ አይገኝም፤ ነዋሪውን ጠይቆ የሚያጣራ ባለሙያ ይፈልጋል።

አያዋጣም

ሥራው አለ፤ ለጀማሪ ግን የለም። የሴፍጋርድ ባለሙያ የሚፈልግ ማስታወቂያ የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ሲገኝ ደግሞ አንትሮፖሎጂው፣ ሶሻል ወርኩ፣ ማኔጅመንቱ ሳይቀር ይሰለፍበታል። ለአዲስ ተመራቂ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ታብሌት ይዞ መጠይቅ ማስሞላት ነው፤ ጥናቱ ሲያልቅ አበሉም ያልቃል።

ቀጣሪውስ ማን ነው? የፊተኛው ጸሐፊ ይህን አለፍ ብሎታል። ከዘረዘራቸው ሥራዎች ብዙዎቹ በለጋሾች ገንዘብ የቆሙ ናቸው። አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ በኢትዮጵያም ፕሮጀክቶች ቆሙ፤ ልምድ ያካበቱ ባለሙያዎች ሥራ ፈላጊ ሆኑ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። አልፎ ሲወጣ የሚፎካከረው ከእነዚህ ነባሮች ጋር ነው።

ክፍል ውስጥ የሶሲዮሎጂ ሊቃውንቱ ዱርካይምና ዌበር ይጠናሉ፤ ክፋት የለውም። ቀጣሪ የሚጠይቀው ግን መረጃ መተንተን፣ ሪፖርት መጻፍና ከገበሬው ጋር በራሱ ቋንቋ መነጋገር ነው። ስለዚህ ስታቲስቲክስን የሚሸሽ፣ ከአፍ መፍቻው ሌላ አንድ የአገር ቋንቋ ለመልመድም የማይፈቅድ ተማሪ የምርጫ ቅጹን ሲሞላ ሶሲዮሎጂን ከመጨረሻው ረድፍ ያስቀምጠው።