እድራችን ለሞት ብቻ ነው ወይ?



ባለፈው ወር ስብሰባ «የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አረጋውያን ሠፈሩ በተራ ይጠብቅ» ብለን ሐሳብ ስናቀርብ አንዳንድ አባሎች ሳቁብን። «ማርጀት በሽታ ሆነ ወይ? እድር ይቀብራል እንጂ ሞግዚት አይደለም» ተባልን። ዝም ማለት ስለማይገባን መልሳችንን በዚህ ሰሌዳ ለጥፈናል። ቆም ብላችሁ አንብቡልን።

«ጃጅተው ነው» ለምትሉ፦ ማርጀትና ይህ በሽታ አንድ አይደሉም። በሠፈራችን ዘጠና ዓመት አልፏቸው የእድሩን ውዝፍ ከነሳንቲሙ የሚያስታውሱ አባት አሉ። መነጽር ያስቀመጡበትን መርሳት በማንም ይደርሳል። አርባ ዓመት የኖሩበትን በር ማጣት፣ የወለዱትን ልጅ «አንቺ የማን ነሽ?» ማለት ግን በሽታ ነው።

በሽታውን በ1906 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የገለጸው አልዛይመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። የተከታተላት ሴት ሆስፒታል ስትገባ ገና 51 ዓመቷ ነበር። ከሞተች በኋላ አንጎሏን ሲመረምር ኮስሶ አገኘው። በአንጎል ሕዋሶች መካከል የተጋገረ ዝቃጭ፣ በሕዋሶቹም ውስጥ እንደ ክር የተወሳሰበ ነገር አየ። ሁለቱም ፕሮቲን መሆናቸው ዛሬ ታውቋል። ሕዋሶቹ መልእክት መቀባበል ያቅታቸዋል፣ ቀስ በቀስም ይሞታሉ።

ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አዲስ ነገር ከሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ነው አንዲት እናታችን የ1953ቱን የታኅሣሥ ግርግር ተኩስ ቀበና ሆነው እንዴት እንደሰሙ እንደ ትናንት እያወሩ፣ ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱት። የድሮው መዝገብ አለ፣ የዛሬው አልተጻፈም። ልጃቸው «እማዬ፣ በልተሻል እኮ» ስትል ጎረቤት «ታስርባቸዋለች» ብሎ አማት። ያሳዝናል!

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚልም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው። ከመቶ 60 የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አልዛይመር ከነዚህ ሕሙማን ከመቶ ከ60 እስከ 70 የሚሆኑትን ይይዛል።

«መንፈስ ነው» ለምትሉ፦ ጸበሉን አንቃወምም፣ እኛም እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እንወጣለን። ሰው ማሰር፣ መምታት፣ መድኃኒት ማስጣል ግን ጸበል አይደለም። ጤና ጣቢያም ይሂዱ። የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስና ከባድ ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፣ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀል ግን አለ። ሐኪም ወደ አማኑኤል ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቢልካቸው እብድ ተባሉ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እድሩ እንመለስ። እኚሁ እናት ባለፈው ክረምት ሌሊት በር ከፍተው ወጡ። ጎህ ሲቀድ ጭራሮ ለቃሚዎች እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር በባዶ እግራቸው አገኟቸው። «እናቴ ቤት ልሄድ ነው» ይሉ ነበር። ጅብ ስላላገኛቸው እግዚአብሔር ይመስገን። የምትጠብቃቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ሥራዋን ለቃ፣ ሦስት ዓመት እንቅልፍ አጥታ። ከእኛ መካከል አንድ ከሰዓት በኋላ የተቀመጠላት ማን ነው? ነገ ጥሩንባ ቢነፋ ግን ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ለሬሳ ሦስት ቀን ያለን ሰዎች ለነፍስ ሁለት ሰዓት አጣን ወይ?

ከዚህም የባሰ አለ። አንድ ዘመድ የቤት ወረቀት ይዞ አሻራ ሊያስደርጋቸው ሲመጣ ከሠፈራችን ሁለት ምስክር ተገኘለት! ልጅቷ ደርሳ ባትጮኽ ቤቱ ሄዶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ላለ ሕመምተኛ ሞግዚት የሚሾመው ፍርድ ቤት ነው እንጂ ወረቀት ይዞ የመጣ ሁሉ አይደለም።

ስለሆነም የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም፦

1ኛ/ ፈቃደኛ የሆነ ቤት ሁሉ በሳምንት ሁለት ሰዓት በተራ ይቀመጥላቸው።

2ኛ/ ስማቸውና የቤተሰብ ስልክ በልብሳቸው ውስጥ ይሰፋ። ባለሱቆች፣ ጥበቃዎችና የታክሲ ተራ አስከባሪዎች ብቻቸውን ሲሄዱ ካዩ፣ ሳይጮኹና ሳይስቁ እጃቸውን ይዘው ይመልሱልን።

3ኛ/ «ረስተዋል» እያልን አንከራከራቸው። አሥር ጊዜ ቢጠይቁ አሥር ጊዜ እንመልስ።

4ኛ/ በሕመምተኛ አሻራ ላይ ማንም ምስክር እንዳይቆም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በሽታው ነገ በማን በር እንደሚገባ አናውቅም። የሳቃችሁትም ጭምር መጥታችሁ ተመዝገቡ፤ መዝገቡ ተከፍቷል።

የመረዳጃ ማኅበሩ ጸሐፊ
የካ