ባሕሩን አመስግኜ እሷን ረሳኋት

ዛሬ የያዝኩላችሁ ወግ ሳይሆን ኑዛዜ ነው።

ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካኖች ‹‹ታንክስጊቪንግ›› የሚሉት የምስጋና በዓላቸው ነበር። ሥራ ዝግ፣ ኦክላንድ ጭር ብላለች። በየቤቱ ተርኪ ይጠበሳል፤ እኛ ደግሞ የነቢያት ጾም ከገባ አምስተኛ ቀናችን ነው። ሽሮና ጎመናችንን በምሳ ዕቃ ይዘን፣ አራት ጓደኛሞች በሳን ማቴዎ ድልድይ ተሻግረን ሃፍ ሙን ቤይ የሚባል የባሕር ዳርቻ ወረድን።

ፓስፊክ በዚህ ወቅት ለዋና አይሆንም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብርድ ልብስ ተከናንበን እየበላን አንዷ፣ ‹‹እስቲ እንደ አገሩ ደንብ ሁላችንም የምናመሰግነውን እንናገር›› አለች። እኔ ቀደም ብዬ እግዜርን፣ ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ ባሕሩን ሳይቀር አመሰገንኩ።

ስትነዳልን የዋለችው ጓደኛችን ተራዋ ሲደርስ ዝም አለች። ከዛ ወደኔ ዞር ብላ፣ ‹‹ስምንት ወር ሶፋዬ ላይ ስትተኚ አንድ ቀን እግዜር ይስጥሽ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?›› አለችኝ።

ክው አልኩ! በኛ ዘንድ ‹‹በመሀላችን ምን ምስጋና አለ›› ይባላል አይደል? ጓደኛን ማመስገን እንደ ባዳ መቁጠር ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷ የጠበቀችው ኪራይ ሳይሆን አንዲት ቃል ኖሯል።

እዚያው አሸዋው ላይ አቅፌ ይቅርታ ጠየቅኳት። ስንመለስ ብዙም አላወራንም፤ ግን ከፊት፣ ከጎኗ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

እናንተም በክፉ ቀን ያስጠጋችሁ ሰው ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት። ‹‹ያውቀዋል›› ብላችሁ አትተዉት። ካልነገራችሁት አያውቅም።