የበለስ ችግኝ በጋን ይቆይ ወይስ መሬት ይግባ?

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ በለስ ችግኝ አተካከል ጥቂት ለመናገር አስበናል። ነገሩ ለአትክልተኛ ብቻ የሚተው ይመስላል እንጂ፤ ቤትና ጓሮ ላለው ሁሉ፣ ይልቁንም በመንግሥት ሥራ ከአገር ወደ አገር ለሚዛወር ሰው የሚነካ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፤ ለጋውን የበለስ ተክል በጋን ወይም በቆርቆሮ ማሳደግ ይሻላልን? ወይስ መሬት ማግባት?

አስቀድመን ስሙን እንለይ። በሊማሊሞ ወርዶ፣ ዛሪማንና አዲ አርቃይን አልፎ፣ ተከዜን የተሻገረ መንገደኛ በትግራይ ገበያ «በለስ» ብሎ ቢጠይቅ፤ የሚሰጡት ከአሜሪካ ምድር የመጣውን የእሾሃሙን ቁልቋል ፍሬ ነው። እኛ ዛሬ የምንናገርለት ግን ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ የተከፈለውን፣ ሲቆርጡት ወተት የመሰለ ፈሳሽ የሚያወጣውን፣ በመጻሕፍት ስሙ የታወቀውን በለስ ነው። ይህ በለስ ለአገራችን ሾላና ዋርካ የቅርብ ዘመድ ነው።

ከዚህ ወገን ብዙዎቹ ዛፎች ፍሬያቸው የሚበስለው አንዲት ደቃቅ ተርብ ወደ ፍሬው ውስጥ ገብታ የአበባውን ብናኝ ስታደርስ ነው፤ ለየዛፉም የየራሱ ተርብ አለው። የዚህ የበለስ ተርብ ግን የተፈጥሮ አገሯ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር በለስ ሊተክል የሚወድ ሰው፤ ያለ ተርብ ራሱን ችሎ ፍሬውን የሚያበስለውን ዓይነት መፈለግ አለበት። ይህንም ለማወቅ ቀላሉ መንገድ፤ በአቅራቢያው ሲያፈራ ከታየ ዛፍ ቅርንጫፍ መለመን ነው። ከዘር የበቀለ በለስ የእናቱን ጠባይ አይጠብቅም፤ ከፊሉም የሚበላ ፍሬ ሳይሰጥ ይቀራል። ከቅርንጫፍ የተተከለው ግን ያው እናቱ ራሷ ናት።

ቅርንጫፉን የምንቆርጠው ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ባረፈበት በበጋው ወራት ነው። ውፍረቱ ጣት ያህል፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ተኩል ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ አራት ወይም አምስት አንጓ ይኑረው። ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ቀን በጥላ ካቆዩት በኋላ፤ ሁለቱ አንጓ ብቻ ከላይ እንዲታይ አድርጎ አፈር ውስጥ መቅበር ነው። ቅርንጫፉ እንዳይገለበጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ወደ ግንዱ የነበረው ጫፍ ወደ ታች ይሆናል። አፈሩም ርጥብ እንጂ ጭቃ አይሁን። ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል።

እንግዲህ በዚህ በመጀመሪያው ዘመኑ ጋን፣ እንስራ ወይም የዘይት ቆርቆሮ ትልቅ ረዳት ነው። ለጋ ተክል እንደ ሕፃን ነውና ከዓይን አይራቅ፤ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከደጅ ወደ ቤት መወሰድ ያሻዋል። የደባርቅን ሁኔታ ያየ ሰው ይህን በቶሎ ያስተውላል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ደጋ ናት፤ ዳባትም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ አመዳይም ይወርዳል። ያደገ በለስ ቅጠሉን አራግፎ ብርድን ይታገሣል፤ የአንድ ዓመት ችግኝ ግን ጫፉ ይጠወልጋል። በቆርቆሮ ያለውን ማታ ከቤቱ ጣሪያ ሥር አስገብቶ፣ ጧት አውጥቶ ፀሐይ ማሞቅ ይቻላል።

ዕቃው ግን በወግ ይዘጋጅ። ከሥሩ ሦስት ወይም አራት ቀዳዳ ይኑረው፤ በቀዳዳው ላይ ገል ወይም ጠጠር ይደረግበት። አፈሩ ሁለት እጅ ደኅና አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢሆን ይስማማዋል። ብዙ ሰው ተክሉ ይመቸው ብሎ ትንሹን ቅርንጫፍ በትልቅ ጋን ይተክላል፤ ይህ ጥቅም የለውም። ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውኃ ይዞ ይቆይና ሥሩን ያበሰብሰዋል። በትንሽ ዕቃ ጀምሮ እንደ ዕድሜው ወደሚሰፋው ማዛወር ይሻላል።

አሁን ደግሞ ወደ ቆላው እንውረድ። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገደሉን ቈርጠው የሠሩት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከሺህ ሜትር ይበልጣል። በጧት ጋቢ ለብሶ ከደባርቅ የተነሣ ሰው ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን ያወልቃል፤ ተክሉም እንዲሁ ነው። በደጋ የጠቀመው ቆርቆሮ በቆላ ይጎዳዋል። ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ይግላል፤ በውስጡ ያለውም ሥር እንደ ተቀቀለ ይሆናል። ጥቂቱ አፈር በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ባለቤቱ ሁለት ቀን ለመንገድ ቢሄድ ቅጠሉ ረግፎ ያገኘዋል። በዛሪማ ለጊዜው በቆርቆሮ ማቆየት ግድ ቢሆን፤ ቆርቆሮውን እስከ አፉ በጥላ ሥር መቅበር ነው።

የዕቃው ሁለተኛ ጉዳት ከዓይን የተሰወረ ነው። ሥሩ ወደ ፊት የሚሄድበት ሲያጣ በዕቃው ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ጥቂት ዓመት ሲቆይም እንደ ገመድ ራሱን አንቆ ይይዛል። ከላይ ተክሉ ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን አያድግም፤ ፍሬውም ሳይበስል ይረግፋል። ስለዚህ በዕቃ የሚኖር በለስ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ወጥቶ፣ የውጪው ሥር ተከርክሞ፣ አፈሩ መታደስ አለበት።

በጋን መትከል ከጥንት የታወቀ ጥበብ ነው የሚለን ቢኖር እውነቱን ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በለስ እጅግ ይወድ ነበርና፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1678 እስከ 1683 በቬርሳይ በተሠራው የንጉሥ አትክልት ቦታ፣ አትክልተኛው ላ ኬንቲኒ ብዙ የበለስ ዛፍ በእንጨት ሣጥን ተክሎ ያሳድግ ነበር። ምክንያቱም የዚያ አገር ክረምት በረዶ ስለ ሆነ ነው፤ በብርድ ጊዜ ሣጥኖቹን ወደ ቤት ያገቡ፣ በሙቀት ጊዜ ያወጡ ነበር። ይህ ግን የንጉሥ ቤት ሥራ ነው፤ የሚሸከምና የሚያጠጣ ብዙ ሠራተኛ ይፈልጋል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ታሪክ አለ። በስሪ ላንካ አገር፣ በአኑራዳፑራ ከተማ፣ ከበለስ ወገን የሆነ አንድ ዛፍ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። በአገሩ ታሪክ እንደሚነገረው፤ የህንዱ ንጉሠ ነገሥት የአሶካ ልጅ ሳንጋሚታ ቅርንጫፉን በወርቅ ዕቃ ተሸክማ ባሕር ተሻግራ አመጣችው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ288 ዓመትም በመሬት ተተከለ። ሰው ተክሎት የተከላው ዘመን ከታወቀ ዛፍ ሁሉ የዕድሜ ታላቅ እርሱ ነው ይባላል። ልብ አድርጉ፤ ዕቃው ወርቅ ቢሆንም ለመንገድ ብቻ ነበር። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያኖረው ወርቁ አይደለም፤ መሬቱ ነው።

መሬት ስለ ማግባት ደግሞ ይህን እንላለን። ጊዜው ሰኔ ተጋምሶ ዝናቡ ሲደላደል ነው። ጉድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም አንድ ክንድ ከስንዝር፣ ይኸውም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ የላዩ አፈርና የታቹ አፈር ለየብቻ ይቀመጥ። የላዩን አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ደባልቆ ወደ ታች መመለስ ነው። ችግኙን ከቆርቆሮው ሲያወጡ የተጠመጠመውን ሥር በእጅ ማፍታታት፣ እንቢ ያለውንም በስለታም ቢላዋ መቁረጥ እንጂ እንዳለ መቅበር አይገባም። በዕቃ ውስጥ የተጠመጠመ ሥር መሬት ቢያገኝም የለመደውን ዙረት አይተውም። ከአንዱ ተክል እስከ ሌላው አምስት ወይም ስድስት ሜትር ይተው። በደባርቅና በዳባት ሜዳ ውኃ የሚያቁር ዋልካ መሬት ያጋጠመው ሰው፤ በጉድጓድ ፈንታ አፈር ከምሮ በመደብ ላይ ይትከል፤ በለስ ጥማትን ይችላል፤ እግሩ በውኃ መቆሙን ግን አይችልም።

ቦታውም ይመረጥ። በጐንደር ከተማ የፋሲል መዋኛ በሚባለው ስፍራ የተገኘ ሁሉ፤ የበለስ ወገን የሆኑት ዛፎች ሥር የግንቡን ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጦ መያዙን አይቷል። ለተመልካች ያማረ ነው፤ ለግንበኛ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። የእኛ በለስ እንደ ዋርካ ባይገዝፍም ሥሩ ውኃ ፈላጊ ነውና፤ ከቤት ግድግዳ፣ ከጕድጓድ ውኃና ከቧንቧ ይራቅ። ከጎረቤት ወሰንም ይራቅ፤ ዛሬ የጣት ያህል የሆነው ቅርንጫፍ ነገ ወሰን ተሻግሮ የልጆቻችን ክርክር እንዳይሆን።

ከተተከለም በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ ይሻል፤ ግንዱን ሳይነካ ዙሪያውን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ቢሸፍኑት ርጥበቱን ይጠብቃል። ለፍየል አጥር ይሁንለት። ፍሬ ለማየት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። በወንጌል የተነገረውን የበለስ ምሳሌ ሁላችን እናውቃለን፤ ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ቢያጣበት እንዲቆረጥ ፈረደ፤ አትክልተኛው ግን ዙሪያውን ሊኰተኵትና ፍግ ሊያደርግበት የአንድ ዓመት ቀጠሮ ለመነለት። እኛም በችሎት ብዙ ቀጠሮ ሲሰጥ አይተናል፤ ሥራ የሚሠራበት ቀጠሮ እንደዚህኛው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ፍጉ በልክ ይሁን፤ ሲበዛ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በመንግሥት ሥራ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ በጣሳና በቆርቆሮ የሚተክለው ስለ ብርድ ወይም ስለ ሙቀት አስቦ አይደለም፤ «ነገ ብዛወርስ» ብሎ ነው። እንዲህም ሆኖ በደባርቅ ሦስት ዓመት፣ በዛሪማ አራት ዓመት ሲኖር፤ ጓሮው እንደ ተረከበው ባዶ ሆኖ ይቀራል። የሚዛወርበት ቀን ሲደርስ የመኪናው ጭነት ይሞላና ቆርቆሮዎቹ ከደጅ ይቀራሉ። የሚያጠጣቸው ሰው ሲታጣ ሳምንት ሳይሞላ ይደርቃሉ። ለራሱም አልያዛቸው፤ ለሚተካውም አላቆያቸው።

«ለማላውቀው ሰው ልተክልን?» የሚል እንዳለ እናውቃለን። መልሱ በበለሱ ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ቅርንጫፉ ያው ዛፉ ራሱ ነው ብለናልና፤ በለስን ትቶ መሄድም ይዞ መሄድም በአንድ ጊዜ ይቻላል። ዛፉን በመሬት ተክሎ፣ ከመዛወሩ በፊት አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ በጣሳ ይዞ ቢሄድ፤ በዛሪማ የቀረው ዛፍና በአዲሱ አገር የሚተከለው ዛፍ አንድ ናቸው፤ ባለቤቱ ያጣው የለም። ጣሳውም በእውነት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለመንገድ።

በግብፅ ምድር የሾላን ነገር ብንመለከት ይህ እንዴት እንደሚጸና እንረዳለን። የሾላ ተርብ በዚያ ስለሌለች ዛፉ ራሱን በዘር ሊተካ አልቻለም፤ ሆኖም ሰው ከአባት ወደ ልጅ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ስለ ተከለው በሺህ የሚቈጠር ዓመት ኖሯል። አንዱ ትውልድ «ለማን ብዬ» ቢል ኖሮ በዚያው በተቋረጠ ነበር።

የሚተክል ሹም አንድ ነገር ይጨምር፤ ሲሄድ ተክሉን ለአንድ ሰው በስሙ አደራ ይስጥ። ለዘበኛው፣ ለትምህርት ቤቱ አስተማሪ ወይም ለጎረቤት እማወራ ይሁን፤ መቼ እንደሚጠጣ፣ መቼ እንደሚገረዝ ይንገር። የሁሉ የተባለ ተክል የማንም ሳይሆን ይደርቃልና።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት በአገራችን አለ። ብዙ ሰው ያበላሸ ተረት ነው። እኛ ግን ቃሉን ጥቂት ለውጠን፤ ሲሾም ያልተከለ ሲሻር ይቆጨዋል ብንል፤ ለሹሙም ለአገሩም ይበጃል እንላለን። በጋው እየገፋ ነው፤ የሚቆረጥ ቅርንጫፍ ያላችሁ ለሌላቸው ስጡ፤ ሰኔም ሲገባ ጉድጓዱ ተምሶ ይቈይ።