ስለ ጦር መርከብ ታሪክና ወደ ቤት ስለሚገባው አቧራ

የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ግዙፍነቱና የዋለበት የጦር ሜዳ ነው። መሣሪያውን የሠሩትና ያገለገሉት ሰዎች በሰውነታቸው የተቀበሉት ጉዳት ግን ሳይነገር ይቀራል። የደብረ ታቦር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከከተማው አጠገብ በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለእጆች ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል እንደ ነበረ፥ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ እንደ ደረሰ ልጅ አዋቂው ያውቃል። የምድጃውን ጢስ ስለ ሳበው ደረትና በገመድ ስለ ተላጠው እጅ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ስለ አንዲት የጦር መርከብ ልናነሣ እንወዳለን።

ባሕር ለደጋ ሰው ሩቅ ቢሆንም፥ አገራችን የባሕር ኃይል በነበራት ዘመን ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የተመለመሉ ወጣቶች በምጽዋ አገልግለዋል። ዋናይቱ መርከብም «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። እርሷም በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በመስከረም 1935 ዓ.ም. ወደ ውኃ የወረደች፥ በጥር 1936 ዓ.ም. «ኦርካ» ተብላ ሥራ የጀመረች ናት። ተግባሯ በባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ስንቅ ማቅረብ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በፊሊፒን ደሴቶች በሌይቴና በሊንጋየን ተሰልፋለች። በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጥታ የዕጩ መኰንኖች መማሪያ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሄደች፤ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላም ለብረት ተሸጠች።

የመርከቢቱ ታሪክ በዚህ ቢፈጸምም፥ የሠራተኞቿ ታሪክ አልተፈጸመም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ በሚሠሩ የጦር መርከቦች ውስጥ ትኩስ ቧንቧዎችና የሞተር ጢስ መውጫዎች የሚሸፈኑት በአስቤስቶስ ነበርና። አስቤስቶስ ከመሬት የሚቈፈር ድንጋይ ነው፤ ነገር ግን እንደ ጥጥ ተፈልቅቆ ይፈተላል፥ እሳትም አይበላውም። ስለዚህ የመርከብ ሠሪዎች ወደዱት። ክፋቱ የሚገለጠው ለጥገና ሲቀደድ፥ ሲቈረጥና ሲጠረግ ነው። ያን ጊዜ ዐይን የማያየው ጭረት በአየር ላይ ይበተናል። የፋርጣና የእስቴ ገበሬ በአውድማ ላይ የገለባ አቧራ ቢስብ ወዲያው ያስለዋል፥ ያስነጥሰዋልም፤ ይህ አቧራ ግን ሳይቈረቍር ገብቶ በሳንባ ውስጥ ይቀራል። በሞተር ክፍል የሚውሉት ከሁሉ ይልቅ ይጐዳሉ። ከባሕር በታች በምትሄደው በሰርጓጅ መርከብ ደግሞ ያው የተዘጋ አየር ለሁሉም ይዳረሳል።

ከዚህ የሚመጣው ደዌ ከ20 እስከ 50 ዓመት ድረስ ተደብቆ ሊቈይ ይችላል። እርሱም የሳንባ መጠጠር፥ የሳንባ ነቀርሳ፥ እንዲሁም ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ነቀርሳ ነው። ሜሶቴሊዮማ ከአስቤስቶስ እንደሚመጣ በደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ ሐኪሞች በ1953 ዓ.ም. ገልጸው ጽፈዋል፤ ይህም መርከቢቱ ወደ እኛ ከመምጣቷ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በሎንዶን የተደረገ ምርመራ፥ ከታመሙት መካከል ፋብሪካ ገብተው የማያውቁ፥ ነገር ግን ከሠራተኞቹ ጋራ በአንድ ቤት የኖሩ ሰዎች እንዳሉ አሳየ። ባል በልብሱ ይዞ የገባውን አቧራ ሚስት ስታራግፍና ስታጥብ ትስበው ነበርና። ነገሩ የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

በ1983 ዓ.ም. በመርከብ ላይ የነበረ ወጣት ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል፤ ደዌው የሚገለጥበትም ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ በመርከብ ሞተር ክፍል ወይም በጥገና ሥራ ያገለገለ አባት በቤቱ ያለ ሰው፥ የትንፋሽ ማጠር፥ የማይለቅ ሳል ወይም የደረት ሕመም ባየበት ጊዜ «የእርጅና ነው» ብሎ አይተወው። ወደ ሐኪም ሲወስደውም የሕመሙን ነገር ብቻ ሳይሆን፥ የት፥ በምን ሥራና ስንት ዓመት እንዳገለገለ ይንገር፤ ሐኪም ይህን ካልሰማ ላይጠረጥር ይችላልና። ትምባሆ የሚያጨስ ቢሆን እንዲተው ይምከሩት፤ ትምባሆና አስቤስቶስ አንድ ላይ ሲሆኑ የሳንባ ነቀርሳውን አደጋ እጅግ ያበዙታልና። አስቤስቶስ ያለበት አሮጌ ቧንቧ ወይም የቤት ክዳን በሚፈርስበት ጊዜም በደረቁ መስበርና መጥረግ አይገባም። ዐዋቂ ሠራተኛ ተጠርቶ፥ በውኃ ርሶ ይነሣ፤ ልጆችም ከዚያ ይራቁ።

አንድ ቀን የሳበው ሁሉ ይታመማል ማለታችን አይደለም፤ አደጋው እንደ አቧራው ብዛትና እንደ ዘመኑ ርዝመት ነው። የጠጠረ ሳንባ ወደ ቀድሞው ባይመለስም፥ በጊዜ የታወቀ ሕመም ሊረዱት ይቻላል። እንግዲህ የአባቱን የባሕር ኃይል ልብስና ኒሻን በክብር ያስቀመጠ ልጅ፥ ስለ ዘመቻው ሲጠይቀው ስለ ትንፋሹም ይጠይቀው።