አንበሳው ለምን ዳግመኛ አገሣ?

እ.ኤ.አ. በ1994 በእጅ ሥዕል የተሠራው የዋልት ዲዝኒ «ዘ ላየን ኪንግ» በ2019 በኮምፒዩተር ታድሶ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ታሪኩ ያው፣ ዋና ዋና ዘፈኖቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው የአንበሳው ቆዳ ነው። በብሩሽ የተሣለው ደቦል አባቱ ሲሞት ሐዘኑ በፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። አዲሱ ግን እውነተኛ አውሬ ይመስል ዘንድ ሐዘኑ ከፊቱ ተገፈፈ። ይህ እድሳት ነውን? አይደለም! አሮጌ ሸቀጥን በአዲስ ዋጋ መቸርቸር ነው።

«ልጆች ይዝናኑበት፤ አንተን ምን ቸገረህ?» የሚሉኝ አሉ። የሚቸግረኝ፣ እዚህ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ፣ ሲምባን በስሙ የሚጠሩ ሕፃናት በሲዳምኛም ሆነ በአማርኛ አንድ የአያቶቻቸውን የአውሬ ተረት ንገሩን ሲባሉ ዝም ማለታቸው ነው።

አሮጌ ታሪክን እንደገና መሥራት በራሱ ነውር አይደለም። የእኛ ዘመናዊ ቴአትር የተወለደው በዚሁ መንገድ ነውና። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ለመድረክ ሲያበቁ መነሻቸው የላፎንቴን ተረቶች ነበሩ። ነገር ግን በአውሬዎቹ አፍ የዘመናቸውን ሹማምንት ብልሹነት ተናገሩ። ንግሥት ዘውዲቱም ቴአትሩን ከለከሉ። (ከዚያ የበለጠ ሂስ ለደራሲ ምን አለ?) የ2019ኙን አንበሳስ ማን ይከለክለዋል? ማንን ነክቶ?

የሐዋሳ መምህራንና ተዋንያን ሆይ! የሲምባን ጭምብል ለትምህርት ቤት መድረክ መቅዳቱን ተዉት። ጅቡንና ቀበሮውን ከልጆቹ አያቶች አፍ ተቀበሉ፤ ዛሬ ማን ማንን እንደሚበላም አውሬዎቹ ይናገሩ።