ሳያነቡ መፈረም

ከጉቴም ሆነ ከነቀምቴ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደውን ልጅ ወላጆቹ የሚሸኙት በብርድ ልብስ፣ በስንቅና በምርቃት ነው። «እንግዲህ መንግሥት ያስተምረዋል» ይባላልና ስለ ወጪው የሚጠይቅ የለም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን በተማሪው ስም አስመዝግቧል። ዕዳው የሚከፈለውም ሥራ ከተያዘ በኋላ ከደመወዝ እየተቀነሰ ነው።

እኛ ሥርዓቱን አንነቅፍም። ገንዘቡ አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ፣ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. እዚያው ነቀምቴ ቢቋቋምም፣ በሩ ለገበሬው ልጅ ዝግ በሆነ ነበር። የምንነቅፈው ውሉን በምዝገባ ግርግር መካከል ሳያነቡ መፈረምን ነው። ምግቡን በዓይነት ልውሰድ ወይስ በገንዘብ ብሎ ማሰብ የሚገባው ልጅ፣ ጓደኛው የፈረመውን አይቶ ይፈርማል።

ስለዚህ፣ ደመወዝተኛ የሆንን ወጣቶች ሆይ፣ በዕረፍት ወደ አገራችን ስንሄድ ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤታችን ጎራ ብለን ውሉን ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እናስረዳ። ተማሪውም አንብቦ ይፈርም፤ ቅጂውንም ይያዝ። ዕዳውን አውቆ የገባ ሰው፣ የትምህርቱን ዋጋም ያውቃልና።