ዳቦ ቆሎ በኒዶ ጣሳ

እኛ ቤት ገና የስጦታ በዓል አልነበረም። ታኅሣሥ 29 ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረው ሰው ሲመለስ ዶሮው ይጠብቀዋል፣ ድፎው ይቆረሳል፣ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ እሩር ሊያሯሩጡ ሜዳ ይወርዳሉ። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ማንም ለማንም ሲሰጥ አላየሁም። ጥዱና ሪባን የታሰረበት ካርቶን ኋላ የመጡ ናቸው። በረዶ ሲባል ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣውን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ጥዱ ላይ ጥጥ ሲበትን ማየት ግን እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ እሱን አትንኩብኝ።

መስጠት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ስጦታ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም እንጂ አባት ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት መርጦ፣ ልጦ፣ ለልጁ የገና ዱላ ያበጅለት ነበር። እናት ጥጧን ፈትላ ማጉን ለሸማኔ ትሰጥና ለበዓል ጋቢ ይደርሳል። የድፎው ግማሽ ደግሞ ነጠላ ለብሶ ጎረቤት ይሄዳል። ካርቶን ስለሌለው ብቻ ከስጦታ ሳንቆጥረው ኖርን።

ይህን ያሰብኩት የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። ወይን፣ ብስኩትና የፕላስቲክ አበባ የታጨቀበት ቅርጫት ዋጋ ጠየቅሁ። በልቤ በ11 ሰው አባዛሁት። አመስግኜ ወጣሁ።

አክስቴ ዘንድ ሄጄ ዳቦ ቆሎ አስተምሪኝ ስላት ስቃ ስታበቃ ነው የመለሰችልኝ። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው፦ የስንዴ ዱቄት፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ዘይት፤ ቃጠል እንዲያደርገው የፈለገ በርበሬ ጣል ያደርጋል። እርሾ አይገባበትም። ከዳቦ ሊጥ ጠንከር አድርገው ያሹታል፣ በመዳፍ እያንከባለሉ እንደ ገመድ ያቀጥኑታል፣ በሽንብራ ፍሬ ልክ ይቆርጡታል። ሥራው ያለው እዚህ ቁረጣው ላይ ነው። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ ትንሹ ሲያርር ትልቁ ጥሬ ይሆናል። እኔ ደግሞ ቶሎ እንዲደርስልኝ እሳቱን ለቀቅሁበት። ውጪው ከሰለ፣ ውስጡ ሊጥ ነው።

«እሳቱን ቀንስና አማስል» አለችኝ አክስቴ። «ምን ያስቸኩልሃል? ገና እንደሆነ ገና ነው!»

ሁለተኛው ዙር አማረልኝ። ትኩሱን ጣሳ ውስጥ ገልብጬ ከደንኩትና በማግስቱ ስከፍተው በራሱ ላብ ረጥቦ ማስቲካ ሆኗል። በደንብ ሳይቀዘቅዝ ክዳን አይነካም። በሦስተኛው ምሽት ግን 11 የኒዶ ጣሳ ሞላሁ፤ ጣሳዎቹን አጥቤ፣ ወረቀታቸውን ልጬ፣ የየሰዉን ስም በእስክሪብቶ ጽፌ።

ርካሽ ነው ብሎ የሚጀምር ሰው ይከፋዋል። የዘይቱን ዋጋ ታውቁታላችሁ፤ ሦስት ምሽቴን ደግሞ ማንም አይከፍለኝም። የዳቦ ቆሎ ጥቅሙ ሌላ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ቅቤም ወተትም የሌለበትን ነገር የሚጾመው ሰው እጁ እንደገባ ሊከፍተው ይችላል። አንድ ወዳጄ እንዲያውም ገና ሳይደርስ ጨርሶት ሌላ ጠይቆኛል። ከዚያ በላይ፣ ለሳምንታት አይበላሽም፤ ዋሽንግተን ላለችው እህቴ በሰው ሻንጣ ሄዷል። አሜሪካ ቋንጣ አታስገባም፤ ዳቦ ቆሎው ግን ደርሶ ለቡና ቁርስ ሆነ።

በእጅ የተሠራ ሁሉ ግን ይሰጥ አልልም። ዳንቴል የምትሠሩ እህቶቼ አትቀየሙኝ፤ ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ዳንቴል የሚያርፍበት ጀርባ አጣ። የሚበላ ወይም የሚለበስ ነገር ይሻላል። ሽሮ ያስፈጨ ሽሮ ይስጥ፤ በበጋው ፀሐይ በርበሬ ያሰጣ አንድ ብልቃጥ ይቀንስ። ጋቢ ያሰበ ሰው ግን ዛሬውኑ ሸማኔው ዘንድ ይሂድ፤ በዓል ሲቃረብ ወረፋ አለ። ልጆችስ? ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ሠርተው ቤት ለቤት የሚያዞሩ እጆች ለገና ለምን ይቦዝናሉ? አንድ የሥዕል ወረቀትና ከለር ከቅርጫቱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። (ሳንቲም እንደሚጠብቁ አትርሱ።)

አንድ ነገረኛ ባልደረባዬ ጣሳውን ሲቀበል «ሰብአ ሰገል እኮ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ነው ያመጡት» ብሎኛል። ላሚቱና አህያይቱም በትንፋሻቸው አሙቀውታል ይባላል አልኩት። ጣሳውን አልመለሰልኝም።

እሱ ብቻም አይደለም። ከ11 ጣሳ የተመለሱልኝ አራት ናቸው። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ፣ ምን እንሙላበት እያላችሁ ያቆያችሁት ይመስለኛል። ግዴለም፣ ባዶውን መልሱልኝ። ጾሙ ገብቷል፣ ዱቄቱን ገዝቻለሁ፣ የጎደለኝ ጣሳ ነው።